የጨጓራ መድኃኒት በቲቢ ባክቴሪያ ላይ፦ የላንሶፕራዞል የጉዳይ ጥናት

ላንሶፕራዞል የተሠራው የጨጓራን አሲድ ለመቀነስ ነው፤ የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለት ወይም ቃር ያለባቸው ሰዎች ለብዙ ዓመታት ሲወስዱት ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በስዊዘርላንድ የሎዛን ፌዴራል ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች ይኸው መድኃኒት የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ እንደሚገድል ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ በተባለው መጽሔት ላይ አወጡ። የግኝቱ እንግዳነት ግን ከመግደሉ ይልቅ በሚገድልበት ቦታ ላይ ነው። መድኃኒቱ ባክቴሪያው ለብቻው በሚያድግበት የማብቀያ ፈሳሽ ውስጥ ሲጨመር እዚህ ግባ የሚባል ውጤት አላሳየም፤ ባክቴሪያው በሰው ህዋስ ውስጥ ተሸሽጎ ሳለ ሲጨመር ግን አጠቃው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ ተቃራኒ መልሶች እንዴት አብረው እውነት ሊሆኑ እንደቻሉ፣ ከላቦራቶሪው ወደ ታካሚው የሚወስደው መንገድም ለምን እንዳልተጠረገ ይመረምራል።

መድኃኒቱ በመደበኛ ሥራው

ላንሶፕራዞል የፕሮቶን ፓምፕ አጋጆች ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። የዚህ ወገን በኩር የሆነው ኦሜፕራዞል እ.ኤ.አ. በ1988 ገበያ ላይ ዋለ፤ በጃፓኑ የታኬዳ ኩባንያ የተሠራው ላንሶፕራዞል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተከተለው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ1995 ፈቀደው። ሁሉም የሚሠሩት በአንድ መንገድ ነው። አሲድ የሚያመነጩት የጨጓራ ህዋሶች ፖታሲየምን እያስገቡ የሃይድሮጅን አዮንን፣ ማለትም ፕሮቶንን፣ ወደ ውጭ የሚገፉበት ፓምፕ አላቸው። መድኃኒቱ በአንጀት በኩል ወደ ደም ገብቶ እነዚህ ህዋሶች ዘንድ ሲደርስ አሲዱ በሚወጣባቸው ጠባብ ቦዮች ውስጥ ይከማቻል፤ እዚያም በአሲዱ ኃይል ቅርጹ ይለወጥና ከፓምፑ ጋር በሰልፈር ትስስር ይጣበቃል። መድኃኒቱ ራሱ ከደም ውስጥ በአንድና በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ ግማሽ የሚወርድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ ሙሉ ቀን የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ የተዘጋው ፓምፕ ዳግም አይከፈትም፣ ህዋሱ አዲስ ፓምፕ መሥራት አለበት።

እንግዲህ ሰው የሚውጠው ላንሶፕራዞል በራሱ ሥራ አይሠራም፤ ለመሥራት መጀመሪያ መለወጥ አለበት። ለውጡን የሚቻል የሚያደርገው በሞለኪውሉ መካከል ሁለቱን ወገኖች የሚያገናኝ የሰልፈር አተምና በዚህ ሰልፈር ላይ የተንጠለጠለ አንድ የኦክስጅን አተም ነው። ይህችን ኦክስጅን አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ የቀረው ታሪክ በሙሉ በእርሷ መኖርና አለመኖር ላይ ይዞራል።

ቀድሞ የታየው፦ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ

ላንሶፕራዞል ባክቴሪያን ሲገታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በሎዛን አልነበረም። አብዛኛውን የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለት የሚያመጣው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ መሆኑን ያሳዩት አውስትራሊያውያኑ ሮቢን ዋረንና ባሪ ማርሻል ሲሆኑ፣ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ባክቴሪያው በሳህን ላይ መጀመሪያ የበቀለበት አጋጣሚ ከጉዳያችን ጋር ይዛመዳል። የላቦራቶሪው ልማድ ሳህኖቹን ከሁለት ቀን በኋላ መጣል ስለነበር ሙከራው ደጋግሞ ባዶ ወጣ፤ በ1982 የፋሲካ በዓል ሰሞን ግን ሳህኖቹ ለአምስት ቀን ያህል ሳይነኩ ቆዩና ባክቴሪያው በቅሎ ተገኘ። ቀድሞ የተገኘው «የለም» የሚል መልስ ስለ ባክቴሪያው ሳይሆን ስለ ቆይታው ጊዜ የተሰጠ መልስ ነበር።

በ1991 የጃፓን ተመራማሪዎች ላንሶፕራዞልና ተዛማጅ ሞለኪውሎቹ የፓይሎሪን እድገት በማብቀያ ውስጥ እንደሚገቱ፣ ኃይላቸውም በዚህ ባክቴሪያ ላይ የተወሰነ መሆኑን አሳተሙ። ይሁን እንጂ በሕክምና ላይ የፕሮቶን ፓምፕ አጋጅ ብቻውን ፓይሎሪን ከጨጓራ አያጠፋም፤ የሚሰጠው ከአንቲባዮቲኮች ጋር ተጣምሮ ነው። ባክቴሪያውን እንደሚያመነምነው ግን በምርመራ ክፍሎች በደንብ ይታወቃል፤ የትንፋሽ ወይም የሰገራ ምርመራ የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲያቆም የሚነገረው፣ የተመናመነው ባክቴሪያ ከምርመራው አምልጦ በሽተኛው ነፃ ነው እንዳይባል ነው። ከሳህን ላይ የተገኘ ውጤት ወደ ሆድ ሲገባ ምን ያህል ሊጠብ እንደሚችል ይህ ጥሩ ማሳያ ይመስለኛል።

የሎዛኑ ሙከራ

የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ላቦራቶሪን የሚፈትን ፍጡር ነው። ተስማሚ ሁኔታ ቢያገኝ እንኳ አንዱ ሁለት ለመሆን 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በጠጣር ማብቀያ ላይ በዓይን የሚታይ ክምችት እስኪሠራም ሦስት ወይም አራት ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው። በአየር ስለሚተላለፍ ሥራው የሚከናወነው አየሩ ተጣርቶ በሚወጣበት ልዩ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ አዲስ መድኃኒት የሚፈልጉ ሰዎች ለረጅም ጊዜ የመረጡት ቀላሉን መንገድ ነበር፦ ባክቴሪያውን በፈሳሽ ማብቀያ ውስጥ ማሳደግ፣ ሞለኪውሎቹን በተለያየ መጠን መጨመር፣ እድገቱን የሚገታውን ዝቅተኛ መጠን መመዝገብ፣ ያልገታውን መጣል። ዘዴው ፈጣንና ርካሽ ነው። ባክቴሪያው በሰው ሳንባ ውስጥ ግን በፈሳሽ ላይ ሲንሳፈፍ አይኖርም፤ ሊበሉት የመጡትን በላዔ ህዋሶች ቤቱ አድርጎ ነው የሚኖረው።

በሎዛን ስቱዋርት ኮል የመሩት ቡድን ይህን ክፍተት ለመሙላት ፍለጋውን በሰው ህዋስ ውስጥ አደረገ። ከሰው ሳንባ የተገኙ ፋይብሮብላስት የተባሉ ህዋሶች በቲቢ ባክቴሪያ ሲለከፉ ይሞታሉ፤ ህዋሱን ከሞት የሚያተርፍ ሞለኪውል ካለ፣ ቀለሙን ሕያው ህዋስ ብቻ በሚለውጠው ማቅለሚያ አማካኝነት ይለያል። ቡድኑ በዚህ ዘዴ የፈተሸው ከዚያ በፊት ለሌሎች ሕመሞች የተፈቀዱ መድኃኒቶችን ነበር፤ እነዚህ መድኃኒቶች በሰው ላይ ያላቸው ጉዳት አስቀድሞ የታወቀ በመሆኑ የሚገኘው ውጤት ከዜሮ አይጀምርም። ዘዴው የራሱ ወጥመድ አለው። ህዋሱ የተረፈው ባክቴሪያው ስለሞተ ሊሆን ይችላል፤ ባክቴሪያው ጉዳት የሚያደርስበትን ፕሮቲን መርጨት ስላቆመ ወይም ህዋሱ ራሱ ስለተከላከለም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሕይወት የተገኘ ህዋስ የምርመራው መጨረሻ ሳይሆን መጀመሪያ ነው፤ ውስጡ ያለው ባክቴሪያ ወጥቶ መቆጠር አለበት።

ላንሶፕራዞል ህዋሶቹን አተረፈ፣ የባክቴሪያውም ቁጥር በህዋሶቹ ውስጥ ወረደ። የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚሄደው ወደ አሲዱ ፓምፕ ነው፤ መድኃኒቱ የሰውን ህዋስ የአሲድ ሚዛን በማዛባት ባክቴሪያውን አስጨንቆት ይሆን? ይህ ቢሆን ኖሮ ኦሜፕራዞልና ሌሎቹ የወገኑ አባላት ተመሳሳይ ሥራ በሠሩ ነበር፤ ነገር ግን አልሠሩም። ሁሉም ፓምፑን የሚዘጉ ሆነው ሳለ አንዱ ብቻ ባክቴሪያውን ማጥቃቱ ምክንያቱ ከፓምፑ ውጭ መሆኑን ጠቆመ። በእኔ እይታ በጥናቱ ውስጥ ብዙ ሥራ የሠራው ይህ ቀላል ንጽጽር ነው፤ አንድን ሙሉ የአስተሳሰብ መስመር ያለ ብዙ ወጪ ዘግቷልና።

ሁለተኛው ጥያቄ ለምን በፈሳሽ ማብቀያ ውስጥ ዝም አለ የሚለው ነበር። ተመራማሪዎቹ መድኃኒቱ ወደ ህዋስ ከገባ በኋላ ምን እንደሚሆን ሲከታተሉ ሞለኪውሉ እንዳለ እንደማይቆይ ተረዱ። የሰው ህዋስ ያችን በሰልፈሩ ላይ የተንጠለጠለችውን ኦክስጅን ይነጥቀዋል፤ የሚቀረው ላንሶፕራዞል ሰልፋይድ የተባለ ሌላ ሞለኪውል ነው። ይህ ሰልፋይድ ተዘጋጅቶ በቀጥታ በፈሳሽ ማብቀያ ውስጥ ሲጨመር፣ ያለ ምንም የሰው ህዋስ እርዳታ ባክቴሪያውን በማይክሮሞላር፣ ማለትም በጣም አነስተኛ በሆነ፣ መጠን ገታው። መድኃኒት በተላመዱ፣ ከበሽተኞች በተወሰዱ የባክቴሪያው ዝርያዎች ላይም እንዲሁ ሠራ። እንግዲያው ሁለቱም የቀደሙ መልሶች ትክክል ነበሩ፤ የተመለሱት ግን ለሁለት የተለያዩ ሞለኪውሎች ነው። በፈሳሹ ውስጥ የተፈተነው ላንሶፕራዞል ነበር፣ በህዋሱ ውስጥ የተፈተነው ደግሞ ህዋሱ የሠራው ሰልፋይድ።

ኦክስጅኗ መነሳቷ ሌላም ነገር ለውጧል። የአሲድ ፓምፑን ለመዝጋት የሚያስፈልገው የቅርጽ ለውጥ ያለ እርሷ አይካሄድም፤ ስለዚህ ሰልፋይዱ የሰውን ፓምፕ አይነካም። አንዱ መድኃኒት ሁለት ጊዜ የመለወጥ ዕድል አለው ማለት ነው፤ በአሲድ ውስጥ ወደ ፓምፕ ዘጊነት፣ በህዋስ ውስጥ ወደ ባክቴሪያ ገዳይነት፣ ሁለቱ ደግሞ አይገናኙም።

የሚመታው ቦታ

ገዳዩ ሞለኪውል ከታወቀ በኋላ የሚመታውን ቦታ ለማግኘት ቡድኑ የታወቀውን የባክቴሪያ ጥናት መንገድ ተከተለ። ብዛት ያለው ባክቴሪያ ሰልፋይዱን በያዘ ማብቀያ ላይ ይዘራል፤ በአጋጣሚ የዘረመል ለውጥ ኖሯቸው የሚተርፉት ጥቂቶች ይለቀማሉ፤ ሙሉ ዘረመላቸው ይነበባል። የተለመደው ባክቴሪያና የተረፈው የሚለያዩበት ቦታ መድኃኒቱ የሚያርፍበትን ይጠቁማል። ለውጡ የተገኘው ሳይቶክሮም ቢሲ 1 በሚባለው የመተንፈሻ ውህድ ውስጥ፣ ኪውሲአር-ቢ በተሰኘው ፕሮቲን 176ኛ ቦታ ላይ ነው፤ እዚያ የነበረው ሉሲን የተባለ አሚኖ አሲድ ፕሮሊን በተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ተተክቷል።

ሳይቶክሮም ቢሲ 1 ባክቴሪያው ከምግብ ያገኘውን ኤሌክትሮን ወደ ኦክስጅን ከሚያደርስባቸው ጣቢያዎች አንዱ ነው። በዚህ ጉዞ የሚገኘው ኃይል ፕሮቶኖችን ከሽፋኑ ውጭ ያስወጣል፣ ተመልሰው ሲገቡም የህዋስ የኃይል መያዣ የሆነው ኤቲፒ ይሠራል። ጣቢያው ሲዘጋ የባክቴሪያው ኤቲፒ ይወርዳል። ቦታው በቲቢ መድኃኒት ፈላጊዎች ዘንድ አዲስ አልነበረም፤ በኋላ ቴላሰቤክ የተባለው ለቲቢ መድኃኒትነት የታጨ ሞለኪውል፣ ኪው 203፣ በ2013 የተገለጸው እዚሁ ፕሮቲን ላይ የሚያርፍ ሆኖ ነው። ይሁንና ኪው 203ን የሚያስመልጠው ለውጥ በ313ኛው ቦታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ ያንን ለውጥ የያዘው ባክቴሪያ ለሰልፋይዱ ተጋላጭ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ ሞለኪውሎች በአንድ ፕሮቲን ላይ ቢያርፉም አያያዛቸው ይለያያል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ ያስፈልጋል። የቲቢ ባክቴሪያ ይህ ጣቢያ ሲዘጋበት ሳይቶክሮም ቢዲ በሚባል ሌላ ኢንዛይም በኩል መተንፈሱን ይቀጥላል፤ ዋናው በር ሲቆለፍ በጓሮ በር እንደሚወጣ ሰው ነው። በዚህ ምክንያት ሳይቶክሮም ቢሲ 1ን የሚዘጉ ሞለኪውሎች በአብዛኛው የባክቴሪያውን እድገት ያቆማሉ እንጂ ፈጥነው አይጨርሱትም። «ይገድላል» የሚለው ቃል በጥናቱ ውስጥ ቢገኝም፣ ስለዚህ ቦታ በኋላ የተከማቸው እውቀት ቃሉን በቁጥብነት እንድንይዘው ያስገድዳል።

የሚመስሉት ጉዳዮች

በማብቀያ ውስጥ ዝም ብሎ በሰውነት ውስጥ የሚሠራ መድኃኒት ከዚህ በፊትም ታይቷል። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ዶማክ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፕሮንቶሲል የተባለ ቀይ ማቅለሚያ በስትሬፕቶኮከስ የተለከፉ አይጦችን ሲያድን አየ፤ ማቅለሚያው በላቦራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ግን ባክቴሪያውን አይነካም ነበር። በ1935 በፓሪስ የፓስተር ተቋም ተመራማሪዎች እንቆቅልሹን ፈቱት፦ ሰውነት ማቅለሚያውን ለሁለት ይቆርጠዋል፣ ከቁራጮቹ አንዱ የሆነው ቀለም አልባው ሰልፋኒላማይድም ባክቴሪያውን የሚገታው እርሱ ነው። ዶማክ ያን ጊዜ በብልቃጡ ብቻ ቢተማመን ኖሮ ፕሮንቶሲል ተጥሎ ይቀር ነበር።

ከቲቢ መድኃኒቶች መካከልም ፒራዚናማይድ ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ዛሬ በስድስቱ ወር ሕክምና የመጀመሪያ ሁለት ወራት ውስጥ ከአራቱ መድኃኒቶች አንዱ ሆኖ ይሰጣል፤ በተለመደው ገለልተኛ ማብቀያ ውስጥ ግን ኃይሉ እጅግ ደካማ ነው። የሚሠራው ማብቀያው ወደ ፒኤች 5.5 ገደማ ሲኮመጥጥ ነው፣ ያም ሆኖ ባክቴሪያው ራሱ ወደ ፒራዚኖይክ አሲድ ሊለውጠው ይገባል። ልዩነታቸው ለዋጩ ላይ ነው፦ ፒራዚናማይድን ጠላቱ ራሱ ይለውጠዋል፣ ላንሶፕራዞልን ግን አስተናጋጁ የሰው ህዋስ። ይህ ልዩነት የሚናቅ አይደለም፤ ባክቴሪያው ፒራዚናማይድን የሚለውጥበትን ኢንዛይም በዘረመል ለውጥ አጥቶ መድኃኒቱን ሊላመደው ይችላል፣ በሰው ህዋስ ኬሚስትሪ ላይ ግን እጁን ማስገባት አይችልም።

ከላቦራቶሪ ውጭ

ላንሶፕራዞልን ሚሊዮኖች ለሌላ ሕመም እየወሰዱት ስለነበር ጥያቄውን በሰው ላይ ለመጠየቅ አዲስ ሙከራ መጀመር አላስፈለገም። እ.ኤ.አ. በ2017 ፕሎስ ሜዲስን ላይ የወጣ የብሪታንያ ጥናት የሐኪሞችን የመድኃኒት ማዘዣ መዝገቦች ተጠቅሞ ላንሶፕራዞል የጀመሩ 527,364 ሰዎችን ኦሜፕራዞል ወይም ፓንቶፕራዞል ከጀመሩ 923,500 ሰዎች ጋር አወዳደረ። በመጀመሪያዎቹ ዘንድ 86 የቲቢ ሕሙማን፣ በሁለተኞቹ ዘንድ 193 ተመዘገቡ፤ ይህም በ100,000 ሰዎች በዓመት 10.0 ለ15.3 ነው። ሌሎች ልዩነቶች ከተስተካከሉ በኋላ የላንሶፕራዞል ተጠቃሚዎች በቲቢ የመያዝ መጠን በ32 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ ታየ።

የጥናቱ ብልሃት በንጽጽሩ ምርጫ ላይ ነው። መድኃኒቱን የሚወስዱትን ከማይወስዱ ሰዎች ጋር ማወዳደር ብዙ ያሳስታል፤ የጨጓራ ሕመም ያለበት ሰው በሌላም ነገር ይለያል፣ አሲድ መቀነሱ ራሱም ለአንዳንድ ኢንፌክሽኖች ከመጋለጥ ጋር ተያይዞ ተስተውሏል። ለአንድ ዓይነት ሕመም የሚታዘዙ የአንድ ወገን መድኃኒቶችን ማወዳደር ግን ይህን አብዛኛውን ያጠፋዋል፤ ላቦራቶሪው የለየውን ልዩነትም በቀጥታ ይፈትናል። ተመራማሪዎቹ በተጨማሪ መድኃኒቱ ሊነካው የማይጠበቀውን አልማዝ ባለጭራን እንደ መቆጣጠሪያ መርምረው በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አላገኙም። ቢሆንም ጥናቱ ክትትል እንጂ ሙከራ አይደለም፤ የትኛው ሰው የትኛውን እንደሚወስድ የወሰነው ሐኪሙ እንጂ ዕጣ አልነበረም። የልዩነቱ ስፋትም መታየት አለበት። ከላይ ያሉት ያልተስተካከሉ ቁጥሮች እንደሚሉት አንድ የቲቢ ሕመም እንዲቀር ወደ 19,000 የሚጠጋ የአንድ ሰው የአንድ ዓመት አጠቃቀም ያስፈልጋል፤ ቲቢ ጥቂት በሆነበት አገር ይህ ለማንም ሰው መድኃኒቱን ለቲቢ ብሎ ማዘዝን አያጸድቅም።

ቲቢ ለያዘው ሰው መስጠቱ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለው። ጉበት ላንሶፕራዞልን የሚያፈርሰው በዋናነት ሲዋይፒ 2ሲ19 እና ሲዋይፒ 3ኤ4 በተባሉ ኢንዛይሞች ሲሆን፣ የቲቢ ሕክምና ምሰሶ የሆነው ሪፋምፒሲን ሁለቱንም ኢንዛይሞች ያበዛል። በሽተኛው ሪፋምፒሲን እየወሰደ ላንሶፕራዞል ቢጨመርለት በደሙ ውስጥ የሚገኘው መጠን ይበልጥ ይቀንሳል። በደም ውስጥ ካለው ላንሶፕራዞል 97 በመቶ ገደማ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ የሚገኝ መሆኑ፣ ከላይ እንደተባለውም ቶሎ የሚወገድ መሆኑ ሲታከልበት፣ በሳንባ ውስጥ ባለው ህዋስ ዘንድ ባክቴሪያውን ለማጥቃት የሚበቃ ሰልፋይድ በተከታታይ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑ ይገባል። ለጨጓራ ይህ ሁሉ ችግር አልነበረም፤ እዚያ መድኃኒቱ ፓምፑን አንዴ ዘግቶ መሄድ ይችላልና። የሎዛኑ ቡድን በቲቢ የተለከፉ አይጦች ላይ ሲሞክር ሰልፋይዱን ራሱን መስጠቱና የሳንባ ባክቴሪያ ቁጥር መቀነሱን ማየቱ ከዚህ አንጻር ሲታይ ወደ ፊት የሚያራምደው ሞለኪውል የትኛው እንደሆነ ይናገራል፤ ከመድኃኒት መደብር የሚገዛው እንክብል ሳይሆን ከእርሱ የሚወለደው ነው። ስለዚህ ቲቢ ያለበት ወይም የሚፈራ ሰው ይህን ጥናት ተመልክቶ ላንሶፕራዞል መውሰድ የሚጀምርበት ምክንያት የለም።

ሳይቶክሮም ቢሲ 1 ግን እንደ ዒላማ ወደ ሕክምና ተጠግቷል። ቴላሰቤክ በደቡብ አፍሪካ የሳንባ ቲቢ ባለባቸው ሰዎች ላይ ለ14 ቀን ተሞክሮ በ2020 በወጣው ውጤት፣ መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር በአክታ ውስጥ ያለው ሕያው ባክቴሪያ ቅነሳም ከፍ ብሏል። የቡሩሊ ቁስልን የሚያመጣው ማይኮባክቴሪየም አልሰራንስ ደግሞ በአፍሪካና በአውስትራሊያ በሚገኙት ዝርያዎቹ የሚሠራ ሳይቶክሮም ቢዲ የለውም፤ የጓሮ በሩ ስለተዘጋበትም በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ቴላሰቤክ እጅግ ዝቅተኛ በሆነ መጠን አጥፍቶታል። ለቲቢው ባክቴሪያ የታሰበው መንገድ ሳይቶክሮም ቢሲ 1ን የሚዘጋውን ሞለኪውል ሳይቶክሮም ቢዲን ከሚዘጋ ሌላ ሞለኪውል ጋር አጣምሮ መስጠት ነው፤ በላቦራቶሪ ሁለተኛውን በር የሚቆልፍ ሞለኪውል ፍለጋም በዚሁ ምክንያት ቀጥሏል።